የወንጌላዊ ሆሴዕ ሞተር

ጉሙ ዘንድሮም አልገፈፍ ብሏል እያለ ወንጌላዊ ሆሴዕ ያማርራል። አጋሮ ላይ ጉም አዲስ ነገር አይደለም፤ ቡናውም የሚወደው እሱኑ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ይገፈፋል። ለሁሉም ሰው ይገፈፋል፣ ለሆሴዕ ብቻ እስከ ምሳ ሰዓት ይቆያል። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ ወዲያው ይገባው ነበር። ሆሴዕ ግን የሌላውን ሰው ችግር ከሩቅ አይቶ የሚጸልይ፣ ራሱ ላይ የደረሰውን ግን ከሁሉም በኋላ የሚሰማ ሰው ነው።

ዕድሜው አምሳ ስምንት ነው። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ከከምባታ አገር ለአንድ ወቅት ቡና ለቀማ ብሎ መጣና እዚያው ቀረ። ጌታን የተቀበለው አጋሮ ነው፣ ሚስት ያገባው አጋሮ ነው፣ ወንጌላዊ የሆነውም እዚያው ነው። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያኒቱ አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ገዝታ ሰጠችው፤ በቡናው ውስጥ የተበተኑ አራት ትናንሽ አጥቢያዎችን እየዞረ እንዲያገለግልባት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሆሴዕን ሲያስብ ሞተሯን ነው የሚያስበው። ድምጿ ከማዶ ሲሰማ የሙስሊሞቹ ልጆች ሳይቀሩ «ጴንጤው መጣ!» እያሉ ወደ መንገዱ ይወርዳሉ።

ከኋላው ደግሞ ታቢታ አለች። መጽሐፍ ቅዱሱን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከረጅም ቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ እሑድ እሑድ አብራው ትወጣለች። የሴቶችን ጉባኤ የምትመራው፣ መዝሙር የምታነሳው እሷ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሚስቱ ሆናለች፤ አስራ አንዱን ዓመት የኖረችው ጀርባውን እያየች ነው ብትሉ አላጋነናችሁም። አንዲት ልጃቸው ቤተል ጂማ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ምህንድስና ትማራለች፤ ቤቱ የሁለቱ ብቻ ሆኗል።

ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ የሆሴዕ ዓይን ላይ ሞራ እየወጣ ነበር። እሱም ጨርሶ አልጠረጠረም አይባልም። መጽሐፉን አንዴ ያቀርባል፣ አንዴ ያርቃል፣ በመጨረሻም በቃሉ የሚያውቀውን ምዕራፍ መርጦ ያነበበ ይመስላል። ለምን አይናገርም? ከተናገረ ሞተሯን ያስረክባል። አራቱ አጥቢያዎች በቅርቡ ከኮሌጅ ለወጣ አንድ ወጣት ይሰጣሉ፤ ሆሴዕ ደግሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ዶሮ ሲያባርር ይውላል። አንድ ቀን ከኋላው ያለችውን ይዟት ገደል ሊገባ እንደሚችል ግን አላሰበም፤ ቢያስብም ቶሎ ብሎ ሌላ ነገር ያስባል።

ታቢታ አንድ ጊዜ፣ ዓምና በጥቅምት፣ «ጂማ ወርደን ዓይንህን ብትታይ ምናለበት?» ብላው ነበር።

«የኔ ዓይን ጌታ ነው» አላት።

ነገሩን ደግማ አላነሣችበትም።

ተአምሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከአራቱ አጥቢያዎች አንዱ ወደሆነው ወደ ቡልቡሎ በሚያወርደው መንገድ፣ እሸት ቡና የጫኑ አይሱዙዎች በጎማቸው የቆፈሩት ቦይ አለ፤ የገባበት ሞተር አይወጣም። አንድ እሑድ ሆሴዕ ቦዩን ሳያየው ደረሰበት። ያየው ካለፈው በኋላ ነው። መሪውን አላዞረም፤ ሞተሯ ግን ራሷ ቀስ ብላ ወደ ግራ ጠርዝ ወጥታ፣ ቦዩን ጎን ትታ አለፈች። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጸጉሩ ቆመ። ሊፈትን ብሎ አንድ ጠመዝማዛ ላይ እጁን ላላ አደረገ። ሞተሯ ጠመዝማዛውን አሳምራ ዞረችው። ከኋላው ታቢታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መዝሙር ጀመረች። ሆሴዕ እሷ ስትዘምር መስማት ስለሚወድ ፍጥነት ቀነሰ፤ ቀንሶ ሲያበቃ አንድ አይሱዙ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ በአጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ።

«መንፈስ ነው ያዘመረሽ!» አላት እያለቀሰ።

«ቀጥል፣ ፊትህን እይ» አለችው።

በተከታዩ እሑድ ቡልቡሎ ላይ ቆመና መሰከረ። «ወገኖቼ፣ እኔ ነዳጅ እሞላለሁ እንጂ ሞተሯን የምነዳ እንዳይመስላችሁ። መሪውን የሚይዘው ሌላ እጅ ነው። አንዳንዴ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጎ ያዘነብለኛል፣ አንዳንዴ ወደ ግራ። ይሰማኛል! ክብደቱ ይሰማኛል!» ጸሎት ቤቱ በሃሌ ሉያ ተናወጠ። ታቢታ በሴቶቹ በኩል ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። እሷም አሜን አለች፣ ግን ቀስ ብላ።

ምስክርነት እግር አለው፤ ከአፍ ከወጣ በኋላ ባለቤቱን አይጠብቅም። አጋሮ ሲደርስ ሆሴዕ እጁን ለቆ እንደሚነዳ ተባለ። የጂማን መንገድ ሲያጋምስ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ተባለ። ጂማ ላይ ምን እንደተባለ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ዘንድሮ በኅዳር መጀመሪያ ከጂማ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ኖህ የሚባሉ ትልቅ ሰው መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ሰውነታቸው ደልደል ያለ፣ ከረባታቸው የማይላላ። በወሩ መጨረሻ ጂማ ላይ ትልቅ ጉባኤ አለ፤ ሆሴዕ ሺህ ሰው ፊት ቆሞ እንዲመሰክር ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አማራቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት በዚያችው ሞተር ተፈናጥጠው ቡልቡሎ መድረስ።

ታቢታ «እዚያ ድረስ የሚሄድ አይሱዙ አለ፣ ጋቢና እንለምንልዎት» አለች። ሽማግሌ ኖህ ሳቁ። «እህቴ፣ እኔ የመጣሁት ለአይሱዙ መሰለሽ?» አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት የሞተሯ ቁልፍ ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተፈልጎ ከሽሮ ዕቃው ውስጥ ተገኘ። እንዴት እዚያ እንደገባ ሆሴዕ አልጠየቀም፤ ታቢታም አላስረዳችም። ሊነሱ ሲሉ የሆሴዕን ወፍራም ካፖርት አምጥታ ለሽማግሌ ኖህ አለበሰቻቸው፣ በላዩም ላይ ጋቢ ደረበች።

«ፀሐይ እኮ ነው፣ እህቴ!»

«መንገዱ ይበርዳል፣ አባባ። አጥብቀው ይያዙት።»

ሆሴዕ የእንግዳ አክብሮት መስሎት በሚስቱ ኮራ።

አስፋልቱን ሲሄዱ ሁሉ ሰላም ነበር። ወደ ቡናው ታጥፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ግን ሆሴዕ የሆነ ነገር ጎደለው። ምን እንደሆነ ሊለየው አልቻለም። ሽማግሌ ኖህ ወገቡን ጭምቅ አድርገው ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ እንደተጫነ ጆንያ ተቀምጠዋል። ከፊት ነጭ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ገብተው ወጡ። ሁለተኛውንም ገብተው ወጡ። «ጠላት ነው» አለ በልቡ። ከዚያ እምነቱን ሰብስቦ፣ የቡና መፈልፈያው አካባቢ ሲደርስ፣ እንግዳው በገዛ ዓይናቸው እንዲያዩ ብሎ፣ «እዩ እንግዲህ፣ ሽማግሌ!» አለና እጁን ከመሪው ላይ ላላ አደረገ።

መንገዱ እዚያ ጋ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሞተሯ አልታጠፈችም።

መፈልፈያው የእሸቱን ልጣጭ አውጥቶ የሚጥልበት ክምር አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ሲጣል የከረመ፣ ቀይና ቡናማ የሆነ፣ ከውስጥ እየፈላ ጢስ መሳይ የሚያወጣ፣ ሽታው እንደ ኮመጠጠ ጠላ ከሩቅ የሚጣራ ክምር ነው። ሁለቱ የጌታ አገልጋዮች በራሳቸው ተተክለው ገቡበት። ሞተሯ ከጎናቸው ጎማዋን እያሽከረከረች ትንሽ ቆየችና ጠፋች። ሠራተኞቹ በኦሮምኛ «ማሎ! ማሎ!»፣ ኧረ እባካችሁ፣ እያሉ ሮጡ፤ የሚጎትተውም የሚስቀውም አንድ ላይ ነበር። ሆሴዕ ምንም አልሆነም። ሽማግሌ ኖህ የግራ እጃቸው አንጓ ወለም ብሏል። የቀረውን ካፖርቱና ጋቢው ተቀበለላቸው።

ሽማግሌው ከከረባታቸው ላይ ልጣጭ እያራገፉ የተናገሩት ነገር ሆሴዕን ከመውደቁ የበለጠ አስደነገጠው። «አየህ? ሰይጣን ምን ያህል እንደፈራው? ይህ ምስክርነት ጂማ መድረስ አለበት። የፊታችን እሑድ ቡልቡሎ ስትመሰክር በስልኬ እቀርጽሃለሁ፣ ለጉባኤው ቀድሜ አሳያለሁ።»

ሆሴዕ ግን ያሰበው ሌላ ነው። የጌታ እጅ ከእሱ ተነሥቷል። ያ የሚያዘነብለው፣ ክብደቱ የሚሰማው እጅ ለቆታል። ለምን? ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ እህል አልቀመሰም። በጓዳው ተንበርክኮ ኃጢአቱን ፈለገ። አንድ የአጥቢያ ገንዘብ ያዥን በልቡ እንደናቀ አስታወሰ። የዛሬ ሰባት ዓመት ከሰው አጥር የቆረጠውን የሙዝ ዘለላ አስታወሰ። ሲመሰክር ሰው ሁሉ ሲንጫጫ ደስ ይለው እንደነበር አስታወሰ፤ በዚህኛው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ታቢታ በየሰዓቱ ውሃ ታስቀምጥለታለች።

«ምን በድዬው ነው፣ የቤተል እናት?» አላት ማክሰኞ ማታ።

አፏን ከፈተች። ልትናገር ነው ብሎ ቀና አለ። «ብላ መጀመሪያ» አለችው፣ ተመልሳም ወጣች።

ረቡዕ ሞተሯን እየገፋ ወደ ሀቢቡላህ ጋራዥ ወሰዳት። ሀቢቡላህ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን ሞተር የጠገነ፣ ስለ ሃይማኖት ከሆሴዕ ጋር አንድም ቀን ሳይስማማ አንድም ቀን ያልተጣላ ሰው ነው። የተጣመመውን መሪ አቀና፣ ካቴናውን አጥቦ ቀባ፣ ከሞተሯ ውስጥ ልጣጭ እየለቀመ እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ አጎንብሶ የኋላ እግር መርገጫውን አየ።

«ወንጌላዊ፣ ይኼን ላስቲክ ልቀይርልዎት ነው። አሁንም አልቋል።»

«አሁንም ማለት?»

«በዓመት ውስጥ ሦስተኛዬ ነው እኮ! የፊቱን ይዩ፣ የእርስዎን፤ ገና አዲስ ነው። የኋላው ግን ብረቱ ወጥቷል።»

ሆሴዕ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው። ላስቲኩ በሁለቱም በኩል ወደ ውጭ ተጠርቦ ስስ ሆኗል። «የቤተል እናት ጫማዋ ሻካራ ይሆናል» አለ።

ሀቢቡላህ ቀና ብሎ አየው። ሲያየው የሚቀልድ መስሎት ነበር፤ እንደማይቀልድ ሲያውቅ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፣ የጠራውንም እጁን ደጋግሞ ጠረገ። «ወንጌላዊ፣ ዝም ብሎ የሚፈናጠጥ ሰው እኮ መርገጫ አይጨርስም። ይኼ የሚረግጥ ሰው ነው፣ ተጭኖ የሚረግጥ። እኔ እኮ የሚያውቁ መስሎኝ...»

«ምኑን?»

«ኤሬ፣ ምኑን ልበልዎት?» ዙሪያውን አየ። «ይምጡ፣ ይውጡባት።»

ከጋራዡ በታች ሣር የበቀለበት ረጋ ያለ ቁልቁለት አለ። ሀቢቡላህ ሞተሩን ሳያስነሳ ሆሴዕን ከፊት አስቀመጠው፣ ራሱ ከኋላ ተፈናጠጠ። «ፍሬኑን ይልቀቁ። መሪውን ላላ አድርገው ይያዙ፣ እዚያ ሲመሰክሩ እንደሚሉት።» ሞተሯ ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች። ሀቢቡላህ ቀኝ እግሩን ተጭኖ ዘንበል አለ። ሞተሯ ወደ ቀኝ ሄደች። ግራውን ተጫነ፤ ወደ ግራ ሄደች።

ሆሴዕ ያንን ክብደት ወዲያው አወቀው። የሀቢቡላህ ሻካራና ቸኩሎ የሚጫን ነው። የሚያውቀው ለስለስ ያለ፣ ከመድረሱ በፊት ቀደም ብሎ የሚመጣ ነበር። ግን ያው ነው፤ ሌላ አይደለም።

ታች ሲደርሱ ሁለቱም አልወረዱም። «ቡና ለቃሚው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ ያያል» አለ ሀቢቡላህ ከኋላው ቀስ ብሎ። «እትዬ ታቢታ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ሞተሯ ወደ ቀኝ። ወላሂ እኔም ለሚስቴ ነግሬያታለሁ፤ ቡልቡሎ ድረስ የሚነዱት እሳቸው ናቸው ብያታለሁ። መኪና ሲመጣ ደግሞ ይዘምራሉ። ያን ጊዜ እርስዎ ይቀንሳሉ። ሰው ሁሉ በጣም ያደንቃቸዋል።»

ሆሴዕን መጀመሪያ የያዘው እፍረት ነው፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። ቤቱ ሙሉ ሃሌ ሉያ ሲል ውጪ ያለው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እፍረቱ ግን አልቆየም። ከሥሩ ሌላ ነገር መጣ፣ ብርድ የሚያስይዝ ነገር። እጁን ሲለቅ፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ፣ እሷ ከኋላው ሆና ቦዩን፣ ገደሉን፣ አይሱዙውን ሁሉ ታይ ነበር። ድፍን ዓመት።

ሞተሯን እዚያው ትቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ታቢታ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ጎንበስ ብላ የደረቀውን ቅጠል ትቆርጣለች። አጠገቧ ደርሶ ቆመ። ከየት እንደሚጀምር አላወቀም።

«ሀቢቡላህ የኋላ መርገጫው አልቋል አለኝ።»

«አስቀየርከው?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ታቢታ።»

ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀና አለች። ፊቷን ለማየት ቀረበ፤ ከቀረበ ያያታል፣ አሁንም ያያታል። እንደዚያ ደክማ አይቷት አያውቅም ነበር። ወይም ሳያያት ቆይቷል።

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

«ነግሬህ ነበር። ዓይኔ ጌታ ነው አልከኝ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ቆመህ መሰከርክ! ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ምን ልበል? ተነሥቼ፣ የለም ወገኖቼ፣ እግሬ ነው ልበል? ደግሞ እኔስ መች እርግጠኛ ሆንኩ? አንዳንድ ቀን ጉሙ ለኔም ጉም ነው። ጉድጓዱን ሳላየው እግሬ ቀድሞኝ ይጫናል። ያን ጊዜ የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«ለምን ታዲያ ትወጫለሽ? ለምን ቤት አትቀሪም ነበር?»

«ከቀረሁ ብቻህን ትሄዳለሃ።»

ይህን ያለችው ስለ ገበያ እንደምታወራ አድርጋ ነው። ከዚያ ግን ያልጠየቃትን ነገረችው። እሑድ እሑድ ከመውጣቷ በፊት የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤታቸው ለወይንሸት ትሰጣለች። ለቤተል ትደውላለች፤ የምትላት ነገር ሳይኖራት፣ ድምፅዋን ለመስማት ብቻ። ቤተል «እማ፣ ገና ተኝቼ ነው እኮ» ትላታለች። ማታ ሲመለሱ ቁልፉን ተቀብላ ከወይንሸት ምድጃ ዳር ቁጭ ትላለች፣ ቶሎም አትነሣም። ወይንሸት ምን ሆነሽ ነው ስትላት «ብርዱ ነው» ትላታለች።

ሆሴዕ ለሰው ሁሉ የሚናገረው የማያጣ ሰው ነበር። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ የተጣላ ባልና ሚስት ፊት፣ ቃል ጠፍቶት አያውቅም። እዚያ እንሰት ሥር ግን ቢላዋውን አነሣና ቅጠሉን መቁረጥ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ የደረቀውን ትቶ እርጥቡን ቆረጠ። ታቢታ ቢላዋውን ከእጁ ወሰደች።

እሑድ ባጃጅ እስከሚያደርሳቸው ሄደው የቀረውን በእግራቸው ወረዱ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባቸው። ድንጋይ ሲያጋጥም ክንዱን ትይዘዋለች፣ ደልዳላ ሲሆን ትለቀዋለች። ቡልቡሎ ሲደርሱ ሽማግሌ ኖህ ቀድመዋቸዋል፤ በአይሱዙ ጋቢና መጥተው፣ ግራ እጃቸውን በሻሽ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በቀኝ እጃቸው ስልካቸውን ደግነው ከፊት ተቀምጠዋል። የመስኮቱ መዝጊያ ተከፍቷል፤ የመፈልፈያው ሽታ ይገባል።

«እንግዲህ ወንጌላዊ፣ ጀምር» አሉ። «ጮክ በል፣ ጂማ ነው የሚሰማው።»

ሆሴዕ ቆመ። የቀድሞውን መናገር እንዴት ቀላል እንደሆነ እዚያው ቆሞ ተሰማው። ቃሉ ሁሉ አፉ ላይ ነው፤ ነዳጁ፣ መሪው፣ እጁ። ሰዉም ሃሌ ሉያውን አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው። ከጉባኤው በኋላ በጸጥታ ዓይኑን ቢታከም ማን ያውቃል? አንድ ቃል ብቻ ሳያነሣ ቢቀር ታቢታም እንደማታሳጣው ያውቃል። ድፍን ዓመት አላሳጣችውም። ይህን ሲያስብ ነው እግሩ የጸናው።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ዋሽቼአችኋለሁ። የዋሸሁት ሳላውቅ ነው፤ ያላወቅኩት ግን ማወቅ ስላልፈለግኩ ነው። ዓይኔ አያይም። ከዓምና ጀምሮ አያይም። ጉም ነው እያልኩ ደበቅኩት። ሞተሯን ያዘነበለው ሚስቴ ናት። ከኋላዬ ሆና በእግሯ እየተጫነች ነው ያመጣችኝ። መኪና ሲመጣ የዘመረችው እንድቀንስ ብላ ነው። እኔ ፊታችሁ ቆሜ ሌላ ነገር አልኳችሁ፣ እሷ እዚያ ጥግ ተቀምጣ ሰማችኝ። ሞተሯን አስረክቤአለሁ። ነገ ጂማ እወርዳለሁ። ሞራ በሐኪም ይገፈፋል ይላሉ። ከተገፈፈልኝ እመለሳለሁ፤ ካልተገፈፈልኝ የሚተካኝን ልጅ ተቀበሉት።»

ሽማግሌ ኖህ ስልካቸውን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አንዲት አሮጊት «ሃሌ...» ብለው ጀምረው፣ ተገቢ መሆኑን ስላላወቁ ተዉት።

ያን ጊዜ በሴቶቹ በኩል ታቢታ ተነሣች። «እኔም ምስክርነት አለኝ» አለች።

ሆሴዕ አልጠበቀም። ይህን አልተነጋገሩበትም።

«ድፍን ዓመት አንድ ጸሎት ነው የጸለይኩት» አለች። «ከክፉ ይጠብቀው ብዬ የጸለይኩ ይመስላችኋል፤ አይደለም። እንዲወድቅ ነው የጸለይኩት።» ቤቱ ተንሾካሾከ። «በዚያ መንገድ ስወርድ፣ በእግሬ ቀኝ ግራ እያልኩ፣ በሆዴ ጌታ ሆይ ጣለው እለው ነበር። እኔ ብነግረው አይሰማም፣ አንተ ጣለውና ይስማ። ግን ለስላሳ ቦታ ላይ ጣለው። አጥንቱ ሳይሰበር ጣለው። በሌለሁበት ቀን አይሁን እንዳልል፣ እኔ ካለሁ አይወድቅም፤ እግሬ እሺ አይለኝም። ስለዚህ በሌለሁበት ቀን ጣለው አልኩ።» ወደ ሽማግሌ ኖህ ዞረች። «እርስዎን በጸሎቴ አልጨመርኩም ነበር፣ አባባ። ካፖርቱ ነው የደረሰልኝ። ስለ እጅዎ ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌ ኖህ የታሰረ እጃቸውን አዩ። በመስኮቱ የገባው ሽታ ሁሉንም ያ ክምር ምን ያህል ለስላሳ እንደነበር አስታወሳቸው፤ አንድ ሰው ሳቀና አፉን ያዘ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወንጌላዊውን ጠበቀ። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ካለ እሱ ነው። ሆሴዕ ከቆመበት የሚስቱን ፊት ማየት አይችልም፤ የምታለቅስ ትሁን የምትስቅ አይለይም። የሚታየው ነጠላዋ ብቻ ነው፣ ከሰዉ መሃል ቀጥ ብሎ የቆመ ነጭ ነገር። ወደዚያ ነጭ ነገር ዞረና፣ ማንንም ሳይጠብቅ፣ «አሜን» አለ።